ሥዕል ውሃ ይቆጥባል? ለውሃ ጥበቃ የአደባባይ ጥበብ ስለማሠራት

የዓለም የውሃ ቀን መጋቢት 13 ነው። ለዚያ ቀን የሚደርስ ሥዕል በግንባችን ላይ ይሣልልን የሚል መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ነገሩ ትዝ የሚለው የካቲት ሲገባ ነው። በወሎ ደጋ የካቲት በልግ የሚጠበቅበት ወር ነው። ርጥብ ግንብ ይቀባል፣ ሥዕሉ በጥድፊያ ይሣላል፣ ሪባን ይቆረጣል፤ ክረምቱን ሳይሻገር ቀለሙ እየተቀረፈ መውደቅ ይጀምራል። ጥፋቱ የሠዓሊው ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው የተበላሸው ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት፣ ባዘዘው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የአደባባይ ጥበብ የሚባለው ማንም ሳይከፍልና ሳይጋበዝ በመንገድ፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በቦኖ አጠገብ የሚያየው ሥራ ነው፦ የግድግዳ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ በመንገድ ጠርዝ ላይ የተቀባ ምልክት። ማሠራት ደግሞ ያለቀ ሥዕል ከመግዛት ይለያል። አሠሪው የሚፈልገውን በጽሑፍ ይገልጻል፣ ባለሙያ ይመርጣል፣ ይዋዋላል፣ በየደረጃው እያየ ይከፍላል፣ ተረክቦም ይንከባከባል። ከእነዚህ አንዱ ሲዘለል የሚመጣው ጉዳት የታወቀ ስለሆነ በተራ እንያቸው።

ሥዕል ማየት ብቻውን ውሃ ያስቆጥባል?

አያስቆጥብም። ወሎ የ1966ን እና የ1977ን ድርቅ ያየ አገር ነው፤ ውሃ ክቡር መሆኑን የሚነግረው ግድግዳ አያስፈልገውም። «ውሃ ሕይወት ነው» የሚለውን ያነበበ ሁሉ እውነት ነው ብሎ ያልፋል፤ ምን አድርግ እንደተባለ ግን አያውቅም። ልማድ የሚቀየረው አንድ ተለይቶ የታወቀ ተግባር፣ ተግባሩ በሚፈጸምበት ቦታ፣ ለሚፈጽመው ሰው ሲነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንሣል?» ሳይሆን «ማን፣ የት፣ ምን እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው?» ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሰው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ውሃ የለም፤ ከፍቶት ይሄዳል። ውሃው ሌሊት ሲለቀቅ ሲፈስ ያድራል። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ ለ5 ሰዓት ክፍት ከቆየ 1,800 ሊትር ይሄዳል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 90 ጀሪካን ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶም ሲሞላ የሚዘጋው ኳስ ከተበላሸ ሌሊቱን ሙሉ በትርፍ ማፍሰሻው ሲያንዶቀዱቅ ያድራል። ጋስኬቱ ያለቀ ቧንቧ በሰከንድ አንድ ጠብታ ቢያንጠባጥብ በቀን 86,400 ጠብታ ነው፤ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚሆን በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ከ6 ጀሪካን በላይ ይባክናል። እነዚህ ሁሉ የሚሣሉ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ግልጽ ትእዛዝ አላቸው፦ ዝጋ፣ ኳሱን አስቀይር፣ ጋስኬቱን ለውጥ።

በተቃራኒው ከቦኖ ቀድታ ጀሪካን ለምትሸከም ሴት ውሃ ቆጥቢ የሚል ሥዕል ቦኖው ላይ መሣል ትርጉም የለውም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ተሸክማ ያመጣችውን የምታባክን የለችም። ለቦኖ የሚስማማው መልእክት ሌላ ነው፦ የጀሪካኑን አፍና ክዳን ማጠብ፣ ቀድቶ ሲያበቁ ቧንቧውን አጥብቆ መዝጋት፣ ከብት በዚያው እንዳይጠጣ መከልከል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። «የፈነዳ ቧንቧ ካያችሁ በዚህ ስልክ ደውሉ» የሚል ሥዕል የሚሠራው ስልኩን የሚያነሣና ጥገና የሚልክ ሰው ካለ ብቻ ነው። የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት አስቀድሞ ካልተስማማ ሥዕሉ የቅሬታ መነሻ ይሆናል። ቁጥሩንም ግድግዳው ላይ ከመጻፍ ሊቀየር በሚችል ሰሌዳ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ስልክ ይቀየራል።

ወሎ ውስጥ የቱ መልእክት የት ይስማማል?

የውሃ ጥበቃ ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፦ ያለውን አለማባከን፣ ያለውን አለመበከል፣ ምንጩን አለማድረቅ። በአንድ ግድግዳ ላይ ሦስቱንም ማጨቅ ከሁሉ የተለመደው ስህተት ነው። ቦታው ራሱ የትኛው እንደሚሻል ይናገራል።

ደሴ ጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ስለ ተከፈተ ቧንቧና ስለ ሮቶ የሚናገር ሥዕል ቦታው የመኖሪያ ሰፈር መግቢያ፣ ትምህርት ቤትና የሕዝብ መፀዳጃ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ወደ ቦርከና ያዘነብላል። በመንገድ ዳር ቦይ የተጣለ የሞተር ዘይት፣ የሳሙና እጣቢና ላስቲክ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ወንዙ ደግሞ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። እዚህ ትልቅ ግድግዳ አያስፈልግም፤ በየቦዩ አፍ ላይ «እዚህ የተደፋ ቦርከና ይገባል» የሚል ትንሽ የተቀባ ምልክት ከአንድ ግዙፍ ሥዕል የበለጠ ይሠራል። ጋራዥና የመኪና እጥበት ያለበት መንገድ መጀመሪያ ይመረጥ።

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሎጎ ሐይቅ ውሃ ሲገባበት እንጂ በወንዝ ሲወጣለት አይታይም። ከበላዩ ያለው አርዲቦም ትርፉን ወደ እርሱ ያወርዳል። የገባ ቆሻሻና ደለል ጠርጎ የሚወስድለት ስለሌለ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ሳሙናና ስለ ተራቆተ ተዳፋት የሚናገር ሥራ ቦታው ዳርቻው ነው። ሰቆጣና ላስታ በኩል የምንጭ፣ የእርከንና የጣሪያ ውሃ ጉዳይ ይቀድማል። ጣሪያ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 1,000 ሊትር ያወርዳል፤ ከዚህ 800 ያህሉ ይያዛል። ይህን ሒሳብ የትምህርት ቤቱ ታንከር ጎን ላይ መሣል ይቻላል፤ ተማሪው ያሰላዋል።

ቋንቋም አለ። ባቲ ገበያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪ ይገናኛል፤ ከሚሴ ኦሮምኛ፣ ሰቆጣ ኽምጣኛ አለ። ስለዚህ ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ መነበብ አለበት። ጽሑፍ ከተጨመረ ከ5 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከ30 ሜትር እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው ሥዕሉን የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ነው።

የእምነት ቦታዎችንም መርሳት አይገባም። በመስጊድ የውዱዕ ቧንቧ አካባቢ ውሃን አለማብዛት ቀድሞም የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ሥዕሉ ግን የሰውና የእንስሳ ምስል ሳይኖረው በሐረግና በጽሑፍ ብቻ ይሠራል። ጠበል ባለበት ቦታም ንድፉ ከካህናቱ ጋር ይታያል። በሁለቱም ቦታ ፈቃዱ ከኮሚቴ ፊርማ አልፎ ምእመኑ ንድፉን አይቶ የሚናገርበት ቀን ያስፈልገዋል።

ቢጋር ምንድን ነው? ምን ይጻፍበታል?

ቢጋር አሠሪው የሚፈልገውን፣ ያለውን ገንዘብና ጊዜ የሚያስቀምጥበት ሰነድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃል። መልእክቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ተመልካቹ ማን እንደሆነ፣ የግድግዳው ትክክለኛ ልኬትና ፎቶ፣ ግድግዳው የማን እንደሆነና ባለቤቱ በጽሑፍ መስማማቱ፣ ጠቅላላ በጀቱ፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ወር፣ እንዲቆይ የሚፈለገው ዓመት፣ መወጣጫና ውሃ መብራት የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ይጻፋል። የማይጻፈውም አለ፦ «በግራ በኩል እናት፣ በቀኝ በኩል ፏፏቴ፣ መሐል ላይ ዓርማችን» እያሉ ሥዕሉን በወረቀት መሣል። መልእክቱን አሠሪው ይወስናል፤ ምስሉን ለሠዓሊው ይተዋል። የለጋሾች ዓርማ ብዛት ከመጀመሪያው ካልተገደበ ግድግዳውን ይወርሰዋል። በአንድ ጥግ፣ ከጠቅላላው ስፋት 5 በመቶ ያልበለጠ የሚል ገደብ ይቀመጥ።

መረጣው በሁለት ደረጃ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ ባለሙያዎች የቀድሞ ሥራቸውን ፎቶ ብቻ ያቀርባሉ። ከእነርሱ ሦስቱ ይለዩና ንድፍ እንዲያዘጋጁ ይጠየቃሉ፤ ለንድፉም ይከፈላቸዋል፣ ባይመረጡም። በነፃ ንድፍ አቅርቡ ሲባል ጥሩዎቹ ይቀራሉ፤ የሚመጣውም ከስልክ የተወሰደ ምስል ይሆናል። ዋጋ ዝቅ ያደረገው ያሸንፋል የሚለው የዕቃ ግዢ አሠራር እዚህ ጉዳት አለው፤ ተወዳዳሪው ዋጋ የሚቀንሰው ከማይታየው ነገር፣ ማለትም ከግድግዳ ዝግጅቱና ከቀለሙ ጥራት ነው። ስለዚህ በጀቱን ቁርጥ አድርጎ አስቀምጦ በዚህ ገንዘብ የተሻለውን ማን ይሠራል ብሎ ማወዳደር ይሻላል።

ከ100 ብር በጀት ለመነሻ ያህል 40 ለንድፍና ለሠዓሊው ሥራ፣ 20 ለቀለምና ዕቃ፣ 20 ለግድግዳ ዝግጅትና መወጣጫ፣ 10 ላልታሰበ ወጪ፣ 10 ለቀጣዮቹ ዓመታት ጥገና ይመደብ። የመጨረሻው 10 አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል፤ ተመድቦም ለምርቃት ድግስ ይውላል።

ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ሥዕሉ በሚቆምበት ቦታ ለሚያልፉ 20 ወይም 30 ሰዎች ያሳዩትና «ይህ ሥዕል ምን አድርጉ ይላል?» ብለው ይጠይቁ። ያምራል ወይ ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ሁሉም አዎ ይላል። አብዛኞቹ የተለያየ መልስ ከሰጡ ንድፉ ይመለስ። ወረቀት ላይ ማስተካከል ምንም አያስወጣም።

የትኛው ግድግዳ ይመረጥ?

ለውሃ ሥዕል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የውሃ ማጠራቀሚያውን ግድግዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም መጥፎ ምርጫ ነው። ኮንክሪቱ ከውስጥ የሚያሰርገው ርጥበት ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል። ከኮንክሪቱና ከልስኑ ውስጥ ያለውንም ጨው ይዞ ወጥቶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታያል። ለማወቅ ቀላል ምርመራ አለ፦ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ቁረጡና አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉ፣ ለ16 ሰዓት ተዉት። ሲነሣ ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ቀለም አይቀባም። በሦስት ቦታ፣ በተለይ ከግርጌ፣ ይሞከር።

በደሴ እንደልብ የሚገኘው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ነው። ከኋላው አፈር ስላለ እርሱም ያሰርጋል። በግንቡ ላይ ያሉት ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ለጌጥ የተተዉ አይደሉም። ልስን ተደርጎ ሥዕል እንዲያምር ቢደፈኑ ከኋላ የተጠራቀመው ውሃ ግንቡን ይገፋዋል፤ ተዳፋት ከተማ ውስጥ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ ቀዳዳዎቹን የንድፉ አካል ያደርጋቸዋል፣ ለምሳሌ ሲዘንብ ውሃ የሚወጣባቸው ምንጮች አድርጎ። በእንዲህ ያለ ግንብ ላይ ድንጋዩን ሳይለስኑ፣ የሚያስተነፍስ የማዕድን ወይም የኖራ ቀለም መጠቀም ይመረጣል፤ እንፋሎት የማያሳልፍ ቀለም ይላጣል።

ከዚያ ፀሐይ አለ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳ ቀለሙ ቶሎ ይደበዝዛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ቆላ ላይ አምስት ዓመት የቆየ ቀለም እዚህ ያን ያህል አይቆይም። ርካሽ ቀይና ብሩህ ቢጫ መጀመሪያ ይጠፋሉ። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት የአፈር ቀይና የአፈር ቢጫ ይቆያሉ፤ ከሰማያዊ ፍታሎ የሚባለው ጠንካራ ነው፣ የፕሩሺያ ሰማያዊ ግን አዲስ ሲሚንቶ ላይ ቀለሙን ያጣል።

የመብራት መስመር የቀረበበት ግድግዳ መወጣጫ ስለማያቆም ይተው። ታሪካዊ ሕንፃም አይነካም። የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ወይም የላሊበላ አካባቢ ቅርሶች ግድግዳ ሸራ አይደለም፤ በቅርስ አጠገብ ለሚሠራ ነገር ሁሉ የቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በቅድሚያ ይጠየቃል።

ቀለም ለምን ይላጣል?

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይወጣው ያልተዘጋጀ ግድግዳም ቀለም አይዝም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በፊት ርጥበቱም ሲሚንቶው ያለው አልካሊም ቀለሙን ያበላሻሉ። አሮጌ ግድግዳ ከሆነ የሚላጠው ሁሉ በብረት መፋቂያና በሽቦ ብሩሽ ይነሣል፣ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ነጩ ጨው ግን ከእጥበቱ በፊት በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በውሃ ቢታጠብ ተመልሶ ይሰርጋል። ስንጥቅ በሲሚንቶ ይደፈናል። በጀሶ የሚሠራ የቤት ውስጥ ስቱኮ ውጭ ላይ ፈጽሞ አይገባም፤ ጀሶ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልስና ሥዕሉን ይዞ ይወርዳል። በየከተማው ከሚታዩት የተቦደሱ ሥዕሎች ብዙዎቹ የዚህ ውጤት ናቸው።

ቀጥሎ አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር፣ ማለትም መሠረት የሚሆን ቅብ፣ አንድ ጊዜ ይቀባል። ከዚያ ነጭ ወይም የንድፉ መደብ የሆነ የውጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ቀለም ሁለት ጊዜ። የዘይት ቀለም አዲስ ሲሚንቶ ላይ አይሆንም፤ ዘይቱ ከአልካሊው ጋር ተዋሕዶ ወደ ሳሙናነት ስለሚቀየር ይላጣል።

መጠኑን እናስላ። 12 ሜትር በ6 ሜትር ግድግዳ 72 ካሬ ሜትር ነው። ለስላሳ ልስን ላይ 1 ሊትር ቀለም በአንድ ቅብ 8 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለአንድ ቅብ 9 ሊትር። ፕራይመር 9፣ መደብ በሁለት ቅብ 18፣ የሥዕሉ ቀለሞች በድምሩ 9 እስከ 12 ሊትር፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ ትርፍ። ሻካራ ግንብ ከሆነ ፍጆታው በግማሽ ሊጨምር ይችላል። ከየቀለሙ ግማሽ ሊትር ለጥገና ተቀምጦ የቀለሙ ቁጥር ክዳኑ ላይ ይጻፍ፤ ከዓመት በኋላ ያንኑ ሰማያዊ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ንድፉ ወደ ግድግዳ የሚተላለፈው በካሬ መስመሮች ነው። ወረቀቱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ግድግዳው ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሠዓሊው ካሬ በካሬ ይገለብጣል። የግርጌው 60 ሴንቲ ሜትር ጭቃ የሚረጭበትና ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ስለሆነ ጠቆር ባለ፣ በሚታጠብ አንድ ቀለም ይተው።

መቼ ይሣል?

ደረቁ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ከመጋቢት 13 ወደኋላ ሲቆጠር ቢጋሩ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወጣል፣ መረጣውና የንድፉ ሙከራ ክረምቱን ይወስዳል፣ ልስኑ መስከረም መጨረሻ ይለሰናል፣ ሥዕሉ ኅዳር ላይ ይጀመራል። ማለትም አንድ ዓመት ቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል።

በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ነው። አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ አይያያዝም፤ ጤዛ ካገኘውም ይዝረከረካል። ሥራው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢቆም ቀለሙ ከብርዱ በፊት ይደርቃል።

ጊዜ ያጠረበት አንድ መውጫ አለው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሸማ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ኖረዋል። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ የግድግዳ ሠዓሊዎችም ስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ በአዳራሽ ውስጥ ሥለው በአክሪሊክ ሙጫ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ሥዕሉ ክረምቱን ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ተማሪዎችም መወጣጫ ሳይወጡ ይሳተፋሉ፤ ከቤት ውጭ የሚቀረው የጥቂት ቀናት ልጠፋ ብቻ ነው። ግድግዳው ግን ያው ደረቅ መሆን አለበት።

ዝናቡን ራሱን የሚጠቀም ዘዴም አለ። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የታወቀው ይህ ዘዴ ውሃ የሚያባርር ፈሳሽ በቅርጽ ማውጫ አድርጎ ኮንክሪት ላይ መርጨት ነው። ሲደርቅ አይታይም፤ ሲዘንብ ዙሪያው ሲጠቁር የተረጨው ቦታ ነጣ ብሎ ጽሑፉ ይወጣል። እግር ስለሚበላው በወራት ይጠፋል። ለትምህርት ቤት ጥሩ ነው፣ ግን በክረምት ትምህርት ዝግ ስለሆነ ለበልግ ይታሰብ።

ቅርጻ ቅርጽ ቢሆንስ? ፏፏቴስ?

ፏፏቴ ለውሃ ቁጠባ መልእክት አይሆንም። ውሃው በፓምፕ ቢመላለስ እንኳ 20 ካሬ ሜትር ገንዳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተንበት 100 ሊትር፣ 5 ጀሪካን ይጠፋል፤ በንፋስ የሚረጨውን ሳይጨምር። ፓምፑ ሲቆም ገንዳው ቆሻሻ ይሞላል። በፈረቃ ውሃ የሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ሲያልፍ የሚያስበውም ይታወቃል።

የተሻለ ጥሬ ዕቃ የውሃ አገልግሎቱ መጋዘን ውስጥ አለ፦ ያረጀ ቧንቧ፣ የተበላሸ ቆጣሪ፣ የተሰበረ ቫልቭ። አስቀድሞ ከንብረት መዝገብ በደንቡ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ቅርጹ ከቆመ በኋላ ኦዲተር ይመጣል። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል፤ ብየዳው ከሚያርፍበት ቦታ ዚንኩ ተፍቆ ክፍት ቦታ ላይ ይበየድ። ልቅ ብረት ቆራሌው ዘንድ ዋጋ ስላለው በቡሎን የታሰረ ነገር አይተርፍም፤ ይበየድ። የኮንክሪት ቅርጽ ከሆነ ፌሮው ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይልበስ፤ አለዚያ ዝገቱ አብጦ ይሰነጥቀዋል። ሕፃናት ይወጡበታል ብሎ ማሰብ ግዴታ ነው።

ከሁሉ የምንመርጠው አንድ አለ። በማጠራቀሚያው ውስጥ በሚንሳፈፍ ኳስ፣ በገመድና በመዘውር የሚንቀሳቀስ ምልክት ከውጭ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የዛሬውን የውሃ መጠን ያሳያል። ኳሱ ሲወጣ ምልክቱ ስለሚወርድ ሰሌዳው ተገልብጦ ይጻፋል፦ ሙሉ ከታች፣ ባዶ ከላይ። አሮጌ የታንከር መለኪያ ነው፤ ሠዓሊ እጅ ሲገባ ግን ወፍ፣ ጀሪካን ወይም ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚያየው ስብከት ሳይሆን ዜና ስለሆነ በየቀኑ ቀና ብሎ ያየዋል።

ውሉ ውስጥ ምን ይግባ?

ክፍያው በደረጃ ይሁን፦ ንድፉ ሲጸድቅ 20 በመቶ፣ ዕቃ ሲገዛ 30፣ ሥራው ሲጋመስ 20፣ ሲያልቅ 20፤ የቀረው 10 አንድ ክረምት ካለፈና ሥዕሉ ተመርምሮ ከተረጋገጠ በኋላ። ሠዓሊው ግድግዳውን ራሱ ካላዘጋጀ ለመላጡ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ስለዚህ ዝግጅቱንም ሥዕሉንም አንድ ሰው ቢይዝ ይሻላል። ለመወጣጫው ጥራት፣ ለደኅንነት ቀበቶና ለአደጋ ኃላፊው ይጠቀስ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ ከገንዘብ ጥቅሙ ሌላ የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ስሙ እንዲጠቀስና ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይበላሽ የመጠየቅ መብት ማለት ነው። ሥዕሉን በካላንደርና በፌስቡክ ማተም፣ ሌላ ሰው እንዲያድሰው ማድረግ፣ ግድግዳው ሲፈርስ ማንሣት ይቻል እንደሆነ በውሉ በግልጽ ይስፈር።

ሠራ ወይስ አልሠራም፣ በምን ይታወቃል?

በላይክ አይታወቅም። ትምህርት ቤት ከሆነ ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት ለ4 ሳምንት፣ ከተሣለም በኋላ ለ4 ሳምንት ቆጣሪው በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ይነበብና ለተማሪ ቁጥር ይካፈል። ፈረቃው ከተለወጠ ቁጥሩ ያሳስታል፤ ስለዚህ ሥዕል የሌለው ተመሳሳይ ትምህርት ቤትም አብሮ ይለካ። ቆጣሪ በሌለበት የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎች ይቆጠሩ። ለመፀዳጃ ቤት በውሃ ሳጥኑ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሮ ውሃውን ሳይለቁ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ያፈሳል። የመጀመሪያው ወር ለውጥ በአዲስነቱ ሊሆን ስለሚችል ከስድስት ወር በኋላ መልሶ መለካት ይገባል።

ጥገናው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። መስከረም ላይ የተላጠው ተፍቆ ይጠገናል፣ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ይጸዳሉ፤ ጥር ላይ አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ይታጠባል። የተለጠፈ ማስታወቂያ በሳምንቱ ካልተነሣ ሌላው ይከተለዋል። የጥገናው ኃላፊ በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይመደብ፤ ሰው ይዛወራል። በውሉ ላይ የተጻፈው ዕድሜ፣ አምስት ወይም ሰባት ዓመት፣ ሲሞላም ሥዕሉ ይታደስ ወይስ ይነሣ የሚለውን አሠሪው፣ ሠዓሊውና የግድግዳው ባለቤት ቁጭ ብለው ይወስናሉ።